አርባ አንድ ደቂቃ በእትዬ አስካለ ግቢ

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ሰባት ቀን ሙሉ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ ክፍሏን እስክለቅላት ስትጠብቀኝ፣ እኔ ሙዚቃዬን ወዳ የመጣች መስሎኝ ነበር። እባካችሁ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ፍርዱ እንደማይቀርልኝ አውቃለሁ፤ ግን መጀመሪያ ስሙኝና ከዚያ እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ።

ለእንጀራዬ ብዬ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፤ ለነፍሴ ብዬ ደግሞ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ሁለት ጓደኞች አሉኝ። ገመቹ ድራም ይመታል፤ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ እጁ ትልቅ፣ አፉ ትንሽ፣ ሲቆጣ እንኳ «እሺ» የሚል ሰው። ማቴዎስ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፤ ወላጆቹ ከደቡብ መጥተው እዚሁ ኮልፌ ቀለምና ሚስማር ሲሸጡ አርጅተው ሱቁን ለሱ አስረክበውታል። ማቴዎስ እሑድ እሑድ ቸርች ስለሚያገለግል፣ ከኛ ጋር ለመጫወት የተስማማው ሙዚቃችን ግጥም እንደሌለው በደንብ ካጣራ በኋላ ነው። «ግጥም ከሌለው ምን ኃጢአት ይኖረዋል?» አለና ጊታሩን ይዞ መጣ።

የምንሠራው ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለውን ነው። ለማያውቀው ላስረዳ። በተራ ዘፈን ሰውየው ይወዳታል፣ ትለየዋለች፣ ያለቅሳል፣ በአምስት ደቂቃ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። በኛ ሙዚቃ ሰውየው ገና ሳያያት ሃያ ደቂቃ ያልፋል። ምቱ አንዴ በሰባት ይቆጠራል፣ አንዴ በአምስት፣ ደስ ሲለን ደግሞ በአሥራ አንድ። ለእስክስታ የተነሳ ሰው ካለ ትከሻው መሐል መንገድ ላይ ይቀርበታል።

አልበማችን አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ስሙ «ማዞሪያ»፣ ሰባት ክፍል፣ ርዝመቱ አርባ አንድ ደቂቃ። አንድ ሚኒባስ ጠዋት አደባባዩ ውስጥ ይገባና መውጫው ይጠፋዋል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ንድፉን በትልልቅ ወረቀት ላይ ሥዬ አሥራ አራቱን አንድ ላይ ሳጣብቃቸው ግድግዳ አልበቃኝም። ወረቀቶቹ ከሥራ ወረቀት ጋር እየተቀላቀሉብኝ አንድ ሥራ ፈላጊ ሲቪውን ከጀርባው የአምስተኛው ክፍል ምት እንደተጻፈበት ይዞ ሄዷል። ሥራውን አገኘ አሉ። እንግዲህ ጥበቡን የተረዳ ቀጣሪ ገጥሞት ይሆናል።

አንድ ሕግ ነበረኝ። መቁረጥ፣ መቀጠል፣ መለጠፍ የለም። ሦስታችንም ከመጀመሪያዋ ምት እስከ መጨረሻዋ ድረስ አብረን፣ ሳናቋርጥ እንጫወታለን፤ ኮምፒውተሩ ሥራው መቅዳት ብቻ ነው። ማቴዎስ አንድ ቀን፣ «አሁን እኮ የተበላሸችውን ቦታ ብቻ ቀድቶ መሐል መክተት ይቻላል» ብሎኝ ነበር። ሽሮ ውስጥ ስኳር ጨምር ያለኝ ይመስል አየሁት። ሁለተኛ አላነሳውም።

ችግራችን አራተኛው ክፍል ነበር። «ፌርማታ» ብዬዋለሁ። ሚኒባሱ ዞሮ ዞሮ ደክሞት ይቆማል፤ ሙዚቃውም ሰባት ደቂቃ ሙሉ ቀስ ይላል፤ በጣም ቀስ። ሰውነታችሁ ከመቀመጫው ጋር እስኪሰፋ። አልበሙ በሙሉ የተሠራው ለዚያች ቦታ ነው ብል አላጋነንኩም። እና እዚያች ቦታ ላይ ስንደርስ ገመቹ ይፈጥናል።

«ታዲያ ለምን አትነግረውም?» ትሉኝ ይሆናል። አባቴ ያረፉ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ ሰው ያስታጠበ ማን መሰላችሁ? ገመቹ። ውኃ የቀዳ፣ ወንበር የተሸከመ፣ እኔን ደግፎ ቀብር ያደረሰ ገመቹ። እንዲህ ያለን ሰው በየት በኩል አድርጌ «ትፈጥናለህ» ልበለው? ይሉኝታ ያዘኝ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን እንደጨረስን፣ «ይቅርታ ወንድሞቼ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ፌርማታ ላይ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። አንዴ እንድገመው» አልኩ።

ገመቹ በአዘኔታ አየኝ። «አይዞህ፣» አለኝ፣ «ያጋጥማል።»

ደገምነው። ባሰ። «ይቅርታ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ደገምነው። የበለጠ ባሰ። ልብ በሉ፣ ስህተቱ የሚመጣው ሃያኛው ደቂቃ አካባቢ ነው፤ እኔ ግን መሐል ላይ ባስቆም ማን እንዳጠፋ ይታወቃል ብዬ እስከ አርባ አንደኛው ደቂቃ እጫወትና ከዚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ሄደ። ስንት ጊዜ እንደቀዳን መቁጠር ያቆምኩት ስድሳ ካለፈ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ ልምጣ። የምኖረው ቀራንዮ፣ እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ አስካለ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ግቢው ውስጥ ከሳቸው ቤት ሌላ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። አንዷን ተከራይቻለሁ። ሌላዋ የልጃቸው የሰብለ ነበረች፤ ሰብለ አግብታ ሳንሱሲ ስትገባ ባዶዋን ቀረች። «እቃህን ለጊዜው አስቀምጥባት» አሉኝ። ለጊዜው ያሉት ሁለት ዓመት ሞላው። ግድግዳዋን በብርድ ልብስ ሸፈንኳት፣ ድራሙን ተከልን፣ በሯ ላይም ራሴ ያተምኩትን «ቀረጻ ላይ ነን፤ እባክዎ ጸጥታ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። በሰው ግቢ፣ ለባለቤቷ!

መስከረም ላይ እትዬ አስካለ መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

«ሰብልዬ እኮ ቀኗ እየደረሰ ነው፣» አሉኝ።

«እንኳን ደስ ያልዎት! ማርያም ትቅረባት!»

«አሜን። ባሏ ከባድ መኪና ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ነው ያለው። እዚህ መጥታ ብትታረስ ይሻላል ብዬ ነበር።»

«በጣም እንጂ! እናት ባለችበት!»

ክፍሏን በዓይናቸው ዞሩ። «የኔ ቤት እንግዲህ እንደምታውቀው በበርበሬ ጆንያ ተሞልቷል። ለሕፃን አይሆንም። ይቺ ክፍል ግን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ታገኛለች፣ አይደል?»

«አዎ እትዬ፣» አልኩ በኩራት፤ «ለመሣሪያዎቹ እንዴት ጥሩ መሰለዎት!»

እሳቸውም፣ «ይሁን፣ ጥሩ ነው» ብለው ሄዱ። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አሁን ስጽፈው ፊቴ ይግላል። ያን ቀን ግን የመሰለኝ የሰፈር ወሬ ሊነግሩኝ የመጡ ነው።

በሳምንቱ በራችን ላይ ገና ፕላስቲኩ ያልወለቀ አዲስ ፍራሽ ተደግፎ አገኘሁ። እናንተ ገብቷችኋል። እኔ ግን ከሁለት ቀን በፊት ለማቴዎስ «የድራሙ ድምፅ ግድግዳው ላይ እየተላተመ አስቸገረኝ» ስለው እትዬ አስካለ በዚያ ሲያልፉ ትዝ አለኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሮጬ ሄጄ ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም። «እትዬ! እንዴት አሰቡልን? እግዚአብሔር ይስጥልኝ!» እትዬ አስካለ በሩ ላይ የተደገፈውን ፍራሽ አንዴ አዩት። «ምንም አይደል፣ ልጄ» አሉ። ፍራሹን ከድራሙ ጀርባ ግድግዳው ላይ በሚስማር መታሁት። ሚስማሩን ያመጣው ማቴዎስ ነው።

ከዚያ የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ መጣች። ሮዝ ናት፤ በሩ ሥር ተቀምጣለች። ገመቹ በጣቱ ነካ አደረጋትና፣ «ሰማህ?» አለኝ። ሰማሁ። ድምጿ ልዩ ነበር። አምስተኛው ክፍል ላይ የምትገባ ሆነች፤ ስድሳ አራት ጊዜ በዱላ ትመታለች። እትዬ አስካለ ውጭ ቆመው ሰምተዋታል።

ጥቅምት ሲገባ ሦስታችንም ከየሥራችን የሳምንት ፈቃድ ወስደን፣ በዚህ ሳምንት ካልጨረስን መቼም አንጨርስም ብለን ተማማልን። የዚያኑ ቀን ሰብለ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ከናቷ ጋር ጆንያው መሐል እያደረች፣ በርበሬው ሲያስነጥሳት ጠዋት ወጥታ ከበራችን ፊት ለፊት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እጇን ሆዷ ላይ ታደርግና በሩን ታያለች። እኛ እንጫወታለን፤ እሷ በሩን ታያለች። በሦስተኛው ቀን ማቴዎስን ጠቅሼ፣ «አየህ? አድማጭ እንደዚህ ነው። ሰው ጥሩ ነገር ሲያገኝ ያውቃል» አልኩት። ማቴዎስ ወለሉን አየ። ለካ እሱ ገብቶት ነበር።

ለእረፍት ስወጣ፣ «እንዴት ነው፣ ሰብለ? ወደድሽው?» እላታለሁ።

«ረጅም ነው፣» ትላለች።

«ገና የሚያምረው አልመጣም፣» እላታለሁ። ወንበሯን ወደ ጥላ እንኳ ሳብኩላት።

ሰባተኛው ቀን ደረሰ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጀመርን። የመጀመሪያው ክፍል እንደ ውኃ ፈሰሰ። ሁለተኛው ላይ ገመቹ ብቻውን የሚመታበት ቦታ ስንደርስ እትዬ አስካለ በመስኮቱ ታዩኝ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። አንድ ጣቴን አንስቼ «አንድ ደቂቃ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የቀረን ሠላሳ ደቂቃ ያህል ነበር። እንደዚያ ቀን ተጫውተን አናውቅም። ፌርማታ ላይ እርግጥ ገመቹ ፈጠነ፤ ሌላው ግን፣ እውነቴን ነው፣ ሌላው እንከን አልነበረውም። የመጨረሻዋ ድምፅ እስክትጠፋ ጠብቄ በሩን ከፈትኩ።

«አቤት እትዬ፣ ፈለጉኝ?»

«ይቅርታ ልጄ፣ ሥራ አስፈታኋችሁ፣» አሉ። «ሰብልዬ ምጥ ይዟታል። የማቴዎስ መኪና የግቢውን በር ዘግቶት ነው እንጂ አላስቸግራችሁም ነበር።»

ወንበሯ ላይ አየኋት። ሁለት እጇ ወንበሩን ጨምቋል። «መቼ ጀመራት?»

«ያ ከበሮው ብቻውን ሲጮኽ።»

ሠላሳ ደቂቃ! እናት፣ ልጇ እያማጠች፣ የኔን ወረቀት አክብራ በሰው ሙዚቃ በር ላይ ሠላሳ ደቂቃ ቆመች! «ለምን አልጠሩኝም?» ስላቸው፣ «የመጀመሪያ ልጅ አይደል፣ ይቆያል። ደግሞ ሁለት ዓመት የለፋችሁበትን ላቋርጥ?» አሉኝ። ያን ጊዜ መሬት ብትከፈት ኪቦርዴን ይዤ እገባ ነበር።

በማቴዎስ አሮጌ ቪትዝ ተጫንን። እትዬ አስካለና ሰብለ ከኋላ፤ ገመቹ ደግፎ ካስገባት በኋላ መውጫ አጥቶ መሐላቸው ቀረ። እኔ ከፊት። 18 ማዞሪያ ላይ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቷል። ታክሲው፣ የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ ተቆላልፎ አደባባዩ ውስጥ ቆምን። እትዬ አስካለ፣ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ማቴዎስ መሪውን ይዞ በራሱ መንገድ ጌታን ይማጸናል። ገመቹ ባዶ እጁን ጉልበቱ ላይ እየደበደበ፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላል፤ እሱም በፍጥነት።

ሰብለ እጁን ያዘችው። «ተው!» አለችው። «ተው አትሩጥ! ሰባት ቀን ሙሉ ሰማሁህ እኮ! ያ ቀስ ያለው ቦታ ሲመጣ ማን ያባርርሃል?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ! የሚሮጠው እሱ ሆኖ እያየኸው ‹እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ› ትላለህ! ውሸታም! ስንት ጊዜ ነው የምትዋሸው? ክፍሌን ልቀቅልኝ! ፍራሹ የኔ ነው! የልጄን ሳፋ በዱላ ትመታላችሁ?»

«ኧረ ሰብልዬ፣ ነውር ነው! እንግዶች ናቸው!» አሉ እናቷ።

«የሁለት ዓመት እንግዳ የት ነው ያለው? ወይኔ ማርያም!»

ምጥ ይሉኝታን እንዲህ አድርጎ ይጥላል። ፍራሹ፣ ሳፋው፣ ወንበሩ፣ የእትዬ አስካለ «ፀሐይ ታገኛለች»፣ ሁሉም ተሰልፎ በፊቴ አለፈ። አፈርኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። «ሰብለ፣ በማርያም ይቅር በይኝ» አልኩ፤ እሷ ግን ለመስማት ጊዜ አልነበራትም።

ገመቹ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እኮ የምፈጥነው ላንተ ብዬ ነው፣» አለኝ።

«ለኔ?»

«ጣቴ አልታዘዝ አለኝ አላልክም? ቦታው ስለሚከብድህ ቶሎ ላሳልፍህ ብዬ ነዋ።»

«የመጀመሪያው ቀንስ?»

«የመጀመሪያው ቀንማ በርግጥ እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል አንተ ቀደምከኝ። ‹እኔ ነኝ› ካልክ በኋላ ምን ልበል? አንተን ውሸታም ላድርግህ?»

ማቴዎስ ክላክሱን እየደበደበ፣ «እኔ ሁለታችሁንም አውቅ ነበር፣» አለ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?!» አልን ሁለታችንም።

«በመሐል ገብቼ ላጣላችሁ?»

አንድ ትራፊክ ፖሊስ በመስኮት አጎንብሶ ሰብለን አየና ያን ሁሉ መኪና በፊሽካ ከፈለልን። ሆስፒታል ደረስን። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትም ልጅም ደህና። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንዲት ነርስ አባትየው መስያት እንኳን ደስ ያለህ አለችኝ፤ እሷንም ለማረም ይሉኝታ ያዘኝና አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም።

በማግስቱ በጠዋት ሦስታችንም ክፍሏ ውስጥ ተገናኘን። ብርድ ልብሱን አወረድን፣ ሚስማሩን ነቀልን፣ ፍራሹን አራግፈን ፀሐይ ላይ አሰጣነው፣ ሳፋዋን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠብናት። ወረቀቴን ከበሩ ላይ የላጥኳት እኔ ራሴ ነኝ። ድራሙንና ኪቦርዱን ልንነቅል ስንል የማቴዎስ ስልክ ጮኸ። እትዬ አስካለ ናቸው። «ከሆስፒታል ተለቅቀናል፤ የማያስቸግርህ ከሆነ፣ ሥራ ከሌለህ፣ ሲመችህ ብትመጣልን» አሉት። ሲተረጎም አሁኑኑ ና ማለት ነው። ይህንን ትርጉም ተምረናል።

ማቴዎስ ቁልፉን አነሳ። ገመቹ ድራሙን አየ፤ እኔን አየ። የሁለት ዓመት ልፋታችን የትላንቱ ቀረጻ ነው፤ ከፌርማታ በስተቀር። የምንቀዳበት ሌላ ክፍል የለንም፤ ፈቃዳችንም አልቋል። ማቴዎስ በሩን ይዞ፣ «ሰባት ደቂቃ ናት አይደል?» አለ።

ሕጌን አሰብኩ። አርባ አንዱን ደቂቃ በአንድ ትንፋሽ። ትላንት ያን ሕግ ሳስከብር የሰው ልጅ በር ላይ አምጣለች። «እሷን ብቻ እንቅዳና መሐል ላይ እንክተታት፣» አልኩ። ማቴዎስ ጊታሩን አነሳ። እዚህ ላይ «ነግሬህ ነበር» ማለት ይችል ነበር፤ አላለም።

ገመቹን ቀና ብዬ አየሁት። «ገመቹ፣ ትፈጥናለህ። ቀስ በል።»

«እሺ፣» አለ።

መታ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እያንዳንዷን ምት አስቀምጦ፣ ተንፍሶ፣ ከዚያ ሌላዋን ያነሳል። ያ ትልቅ እጅ እንደዚያ መለስለስ እንደሚችል ሁለት ዓመት አላውቅም ነበር። ደስታው አናቴ ላይ ወጣብኝ። እሱን ስሰማ ጣቴን ረሳሁትና አምስተኛው ደቂቃ ላይ ያልሆነ ቦታ ነካሁ። ግልጽ ያለች፣ ደንቆሮ የሚሰማት ስህተት።

ጨረስን። ማቴዎስ ጊታሩን አስቀምጦ ወደ መኪናው ሮጠ። ገመቹ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ትንሽ አንገራገረ፤ ላብ አጠመቀው፤ ከዚያ እንደምንም አወጣት። «አምስተኛው ደቂቃ ላይ አበላሽተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

«እስኪመጡ ግማሽ ሰዓት አለን። ብቻህን ደግመህ ልትቀዳት ትችላለህ።»

እውነቱን ነው፤ ይቻል ነበር። እጄም ወደ ኪቦርዱ ሄዶ ነበር። ወለሉ ግን ገና አልተወለወለም። አልጋው አልገባም። መስኮቱ በአቧራ ተጋርዷል። የሽቦውን ማገናኛ ነቀልኩና፣ «ትቅር። ባልዲውን አቀብለኝ» አልኩት።

መኪናው ሲገባ መሣሪያዎቹ ወጥተው አልጋው ገብቶ ነበር፤ ወለሉ ግን ገና አልደረቀም። ሰብለ ልጇን በነጠላ ታቅፋ፣ በእናቷ ተደግፋ በሩ ላይ ቆመች። ክፍሏን አየች፤ አልጋውን አየች፤ ከዚያ እኛን በባዶ እግራችን ጥግ ላይ ቆመን አገኘችን። እንኳን በሰላም ተገላገልሽ አልናት።

«ጨረሳችሁ?» አለች።

«ጨረስን፣» አልኩ።

«እንግዲያው ውጡልኝ፣ ልተኛበት።»

«ኧረ ሰብልዬ! ምን ነካሽ?» አሉ እትዬ አስካለ ደንግጠው። «ተቀመጡ እንጂ ልጆቼ! ኧረ በሞቴ ተቀመጡ! ሻይ እንኳን ሳትቀምሱ? ምን አስቸኮላችሁ?»

በሞቴ አሉ እኮ። ገመቹ ጉልበቱን አጠፍ ሊያደርግ ሲል እጅጌውን ያዝኩት። ሦስታችንም ጫማችንን በእጃችን ይዘን ወጣን።